የድግጣው ሥር

ጋሽ ደጋጋ ሃያ ስምንት ዓመት በግ ነግደዋል፤ መዥገር ያለበት በግ ግን ለሰው ሸጠው አያውቁም። ምስጢሩ ካዛንቺስ ባለው የጋራ ግቢያቸው ጥግ የበቀለው ድግጣ ነው። አበባው ቢጫ፣ ፍሬው እንደ አተር በልባሱ የሚንጠለጠል ቁጥቋጦ። ቅጠሉን ወቅጠው በውኃ ይበጠብጡና በጉን አጥበውበት በማግስቱ ሊሸጡት ቂርቆስ ይወርዳሉ። ዙሪያው ሁሉ ፈርሶ በሠፈሩ የቀረው ድግጣ ይኸው አንዱ ነው፤ እሱ ከጠፋ ሥራቸውም አበቃ።

አንድ ረፋድ ለበጎቹ ሣር ሲሰጡ የገጀራ ድምፅ ሰሙ። ጎረቤታቸው የታክሲ ሾፌሩ ሃይለአብ ድግጣውን ጨፍጭፎ ጥሎታል፤ የቀረው ጉቶው ነው።

«ምን ማድረግህ ነው፣ አንተ ልጅ?»

«ውሻዬን ገደለብኛ! እንደ እርስዎ ወቅጬ አጠብኩት፣ ጠዋት ድርቅ ብሎ አገኘሁት። ነገ ልጄ ብትቀምሰውስ? በቃ፣ ከነሥሩ ነው የማወጣው።»

«ሥሩን ተው። ሥሩ ካለ ያቆጠቁጣል።»

«ለዛ እኮ ነው» አለና ገጀራውን አነሳ።

ጋሽ ደጋጋ በዱላቸው ክንዱን መቱት። ገጀራው ከእጁ አልወደቀም። ሃይለአብ ዞረና በገጀራው ጠፍጣፋ በኩል ጆሮ ግንዳቸውን አላቸው። ጉቶው ላይ ተደፉ፤ በሁለት እጃቸውም አቀፉት።

«ልቀቅ፣ አንተ ሽማግሌ!»

በእርግጫ ጎናቸውን ደገመው። የጎን አጥንታቸው ቀጭ ሲል ለራሳቸው ተሰማቸው። አልለቀቁም። ለሦስተኛው እግሩን ሲሰነዝር ቁርጭምጭሚቱን ይዘው ነከሱት። የቀሯቸው ጥርሶች ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም ሥራቸውን ሠሩ። ሃይለአብ በጀርባው ወደቀ፤ ዱላቸውን አንስተው አፍንጫው ላይ አሳረፉበት፤ ደሙ ደረቱን አለበሰው።

ሌላዋ የግቢው ጎረቤት ወይዘሮ አጸደ ከደጃቸው ሆነው፣ «አንዱ ለውሻ፣ አንዱ ለቅጠል ተላለቁ እንግዲህ» አሉ።

ጋሽ ደጋጋ ደም ተፍተው ጠየቁ፤ «ውሻውን ስታጥብ አፉን አስረኸው ነበር?»

«ለምን ይታሰራል?»

«እንዳይልሰው ነዋ። እስኪደርቅ ይታሰራል። በየበዓሉ ባጠገቤ ስታልፍ አላየህም?»

 ሃይለአብ በእጅጌው አፍንጫውን ይዞ ውሻው ይታሰርበት የነበረውን ቦታ ተመለከተ።

ጋሽ ደጋጋ ጎናቸውን ደግፈው የወደቀውን ቅጠል ለቀሙ፤ ከጠወለገ አይሠራም። ወቀጡት፣ በጠበጡት። ከዚያ አንዱን በግ ጎትተው ሃይለአብ ፊት አቆሙና አፉን በገመድ አሰሩ። ፈተው እንደገና አሰሩ፤ አሁን በቀስታ፣ ቋጠሮው እንዲታይ አድርገው።

«በል ያዘው» አሉት። «ጎኔን ሰብረኸዋል።»

ሃይለአብ ገጀራውን ከጉቶው ራቅ አድርጎ አስቀመጠና በጉን ያዘ።