ደምሴ ቃል የጠፋበት ዓመት

ባለፈው ሚያዝያ የመጨረሻ ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ወጉ ሁሉ በደንብ ከሄደ በኋላ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «አትቀየሙኝና፣ በዘራችሁ የሚጥል በሽታ የለም አይደል?» አሉኝ።

«አለ፤ ወንድሜን ይዞት ነበር» አልኳቸው።

ይህችን መልስ በአሥራ አምስት ዓመቴ መስጠት አቅቶኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልተመለሱም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ያደግሁባት ከተማ መካነ ሰላም ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር። አባቴ ከከተማው ወጣ ባለች ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ሲሆኑ ለልጆች ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ስድስት ዓመቱን ይዟል። ወሬኛ ነበር፤ ከገበያ የሚመለሰውን ሁሉ መንገድ ላይ አስቁሞ ያነጋግራል። ፊደሉን ጨርሶም ንባብ ጀምሮ ነበር።

በመስቀል ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ፣ አብረን የምንተኛበት መደብ ላይ አንድ ነገር ሲገፋኝ ነቃሁ። ደምሴ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ተገልብጧል፤ በከንፈሩ ጥግ አረፋ ይወጣል። የሚወድቅ ሰው አይነካም፣ አረፋው ይጋባል ሲባል ነው ያደግነው። ሳላስበው አቀፍኩት። ጸጥ እስኪል ይዤው አፉን በነጠላዬ ጠረግሁለት። ሲነቃ ዓይኑን ተክሎ አየኝና መልሶ እንቅልፍ ወሰደው። ነጠላዬን ወንዝ ወርጄ አጠብኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ለዳግማይ ትንሣኤ ልዳር ታጭቼ ነበር። እጮኛዬ የአንድ መሪጌታ ልጅ ነው፤ የሚጥል በሽታ ካለበት ቤት ደግሞ ሚስት የሚወስድ የለም። አንዴ የደረሰ ነገር ነው፣ ያልፋል አልኩ።

አላለፈም። በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ አውድማው ሲለቀለቅ፣ ደምሴ ሲጠሩት መዞር ተወ። የፍየል ድምፅ ሲሰማ ግን ይዞራል። አባባን ያናደዳቸውም ይኸው ነው። «ፍየሏን ይሰማል፣ እኔን አይሰማም! ትዕቢት ነው!» ይላሉ። ከዚያ የራሱም ንግግር ይፈርስ ጀመር። መጀመሪያ ቃላቱ ተቆራረጡ፤ ቀጥሎ ስማችን ጠፋው፤ ጥምቀት ሲደርስ ጣቱን ቀስሮ ከመጮህ በቀር ምንም አልቀረለትም። ሳንረዳው ስንቀር ይናከሳል። አባባ በአለንጋ ይገርፉታል። እኔ በር ላይ ምስር እየለቀምኩ የአለንጋውን ድምፅ እሰማለሁ። ጎህ ሲቀድ ሲያንቀጠቅጠው አቅፈዋለሁ፤ ሲነጋ ዝም እላለሁ።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን አንድ ቀን እናቴ «ይብቃዎት፣ ልጄን ገደሉት!» እያለች ስትጮህ አልቻልኩም። ገብቼ የአባባን ክንድ ያዝኩ።

«አይምቱት፤ ታሞ ነው። ይወድቃል።»

«ማን ነገረሽ?»

«አይቼ ነው።»

«መቼ?»

«ከመስቀል ጀምሮ።»

ሊመቱኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አለንጋው መሬት ላይ ወድቋል፤ አባባ ተንበርክከው የደምሴን ጀርባ ይስማሉ። እሱ ይሸሻቸዋል። ለእኔ ያን ማየት ከመገረፍ የከፋ ነበር።

ሁለት ሱባኤ ጠበል ተጠመቀ። ለውጥ ሲጠፋ ከቀበሌ መሸኛ አጽፈን አባባ፣ ደምሴና እኔ እህል በጫነ መኪና ለደሴ ተሳፈርን። ሾፌሩ ልጁን አየና «አብሽሩ አባቴ፣ አላህ ያሽረዋል» ብሎ ሦስታችንንም ጋቢና አስገባን። መንገድ ላይ አቀስታ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባባ በሶ እየጨበጡ ሊያጎርሱት ይሞክራሉ፤ ደምሴ ግን ከእኔ እጅ ካልሆነ አይቀበልም።

ደሴ ላይ ሐኪሙ ከደምሴ ኋላ ሆኖ አጨበጨበ፤ ደምሴ ዞረ። ስሙን ሲጠራው አልዞረም። «ጆሮው ደህና ነው» አለ ሐኪሙ። «የሚጥለው በሽታ አንጎሉ ውስጥ ሆኖ ቃል እያጠፋበት ነው። እንዲህ ያለው ልጆችን አልፎ አልፎ ይይዛል።»

«ቀደም ብሎ ቢመጣስ ኖሮ?» አሉ አባባ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

«ምናልባት» አለ።

ያቺ «ምናልባት» እስከ ዛሬ አለቀቀችኝም።

በተሰጠው ኪኒን መንቀጥቀጡ ክረምት ሳይገባ ቆመ። የእጮኛዬ ወላጆች ግን ወሬው ደርሷቸው ነገሩን አፈረሱት። የፈራሁት ደረሰ፤ ጥቂት ቀን አልቅሼ ለጋብቻው ብዬ ወዳቋረጥኩት ትምህርቴ ተመለስኩ። የደምሴ ቃላት ለመመለስ ብዙ ቆዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምሳ ላይ ሽሮውን ቀመሰና «ጨው» አለ። እውነትም እናቴ ጨው ረስታ ነበር። ልታመጣ ጓዳ ገብታ ቀረች፤ ስሄድ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አገኘኋት።

ደምሴ ዛሬ እዚያው መካነ ሰላም አናጢ ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ቀስ ብሎ፣ ቃል እየፈለገ ይናገራል፤ ሰው ሲበዛ ይጠፋበታል። ባለፈው ወር ልጠይቀው ሄጄ ያ ጊዜ ትዝ ይለው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አፋችሁ... ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ምን እንደምትሉ አላውቅም። ሁሉም ይቆጣኛል። አንቺ ብቻ... ታቅፊኛለሽ።»

አለንጋው ሲወርድበት በሽታውን እያወቅሁ በር ላይ ተቀምጬ እንደነበር አያውቅም። ልንገረው ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ከዚያ ዓመት የተረፈለት መልካም ነገር ግን ያ እቅፍ ብቻ ነው። ለእሱ ብዬ ይሁን ለራሴ ባላውቅም፣ ሳልነግረው እተወዋለሁ።