የአባቴ ስኳርና አራተኛው ፎቅ

አባቴ የስኳር ሕመም አለበት፤ እናቱም በዚያው ነው ያረፉት። ሾላ ገበያ አጠገብ ስንኖር ግን ብዙም አላስቸገረውም። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ፣ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ይመሽለት ነበር። እናቴ ስትሞት ሱቁን ዘጋና እኔ ጋ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባ።

እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። እሱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል። እያደር እግሩ ይደነዝዝ፣ ዓይኑ ብዥ ይልበት ጀመር። ጉርድ ሾላ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። መድኃኒት ተጨመረለት፤ ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። ጣፋጭ የደበቀ መስሎኝ ቤቱን ሁሉ በረበርኩ፤ ምንም የለም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ወደ ጎን አድርጋ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

"አባባ፣ ምሳ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?"

"አልበላም። ብቻዬን አይወርድልኝም። ሲርበኝ ሻይ በዳቦ እቀምሳለሁ።"

"መድኃኒቱንስ?"

"በባዶ ሆድ ስውጠው ያንቀጠቅጠኛል። ስለዚህ እተወዋለሁ። ለልጄ ብነግራት ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች ብዬ ፈራሁ።"

አጠገቡ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ሐኪሟ ግን ፈገግ አለች። "አሁን ምን እንደምናክም አወቅን" አለች። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር እንዲወስድ፣ በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ፣ ምሳም ብቻውን እንዳይበላ አዘዘችው።

ከሕንፃችን ምድር ላይ ባለው ቤት መርካቶ ሲነግዱ የኖሩ አንድ የስልጤ ሽማግሌ አሉ። ከሰላምታ በላይ አንተዋወቅም ነበር። በራቸውን አንኳኩቼ ሐኪሟ ያዘዘችውን ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ እኔም እኮ ግድግዳ ሳይ ነው የምውለው" አሉኝ።

አባቴን ይዤው ስወርድ በራቸው ላይ አመነታ። "የሥጋው ነገርስ እንዴት ይሆናል?" አላቸው።

"ሽሮ ሃይማኖት የለውም!" አሉና እጁን ይዘው አስገቡት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየተከራከሩ ሰፈሩን ይዞራሉ፤ ምሳም አብረው ይበላሉ። የአባቴ ስኳር ቀስ እያለ ወረደ፤ ዓይኑም ጠራ። የእግሩ መደንዘዝ አልለቀቀውም። ያም ሆኖ ዛሬ ስለ በሽታ ሲወራ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ሕመሙን ከእናቱ ወርሶታል፣ ያባባሰው ግን ሐዘኑና ብቸኝነቱ ነው። ኪኒናውም ሰው ሲያገኝ ነው የሠራለት።

ባለፈው ሰሞን አባቴ ሽማግሌውን ጎትቶ ክሊኒክ ወሰዳቸው። በዕድሜያቸው ተለክተው የማያውቁት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። አሁን ምሳ በልተው ሲያበቁ ሁለቱም ኪኒናቸውን ያወጣሉ።