ያልመዘገብኩት ቱቦ

የካ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶክተር አልማዝ ባዶ ደብተር ሰጡኝና፣ «ያየኸውን ብቻ ሳይሆን የነካኸውንም ጻፍ» አሉኝ። ብዙ ዓመት ጻፍኩ። በደብተሬ እኮራ ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ራሔል የምትባል ተመራማሪ መጣች። ቤቷ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን በእግሯ ትወርዳለች። የምትሠራው ፔፕታይድ ላይ ነበር፤ ንብ ራሷን ከጀርም የምትከላከልባት አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት ናት። ራሔል የሰንሰለቷን ቅንጣቶች እየለወጠች፣ የተለመደው አንቲባዮቲክ ያቃተውን የቁስል ባክቴሪያ እንድትገድል፣ የሰው ደም ግን እንዳትጎዳ ታሻሽላት ነበር። አሥራ አንደኛዋ ዓይነት ደም አልጎዳችም። ባክቴሪያውን መግደሏን ማየት የኔ ሥራ ነው።

ፔፕታይዱን ቱቦ ውስጥ በየመጠኑ አቀጥናለሁ፤ ባክቴሪያው ወዳለበት የላብራቶሪ ሳህን ትንንሽ ጉድጓዶች እጨምራለሁ፤ በማግስቱ አያለሁ። ከጠራ ሠርቷል፣ ከደፈረሰ ባክቴሪያው አድጓል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ደፈረሰ።

ዶክተር አልማዝ «በቃ፣ ጥናቱ ይዘጋ» አሉ።

ራሔል አላለቀሰችም። «ጋሽ ታደሰ፣ በእርስዎ እጅ ካልሠራች አትሠራም ማለት ነው» አለችኝና ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረች። ምነው ባለቀሰች አልኩ።

ላግዛት መሳቢያ ስከፍት፣ አልቀዋል ካልኳቸው የድሮ ቱቦዎች አንድ እሽግ አገኘሁ። ክው አልኩ። እነሱ አልቀዋል ብዬ መገናኛ ካለ ሱቅ ሌላ ዓይነት፣ መስታወት የመሰለ የሚያምር ፕላስቲክ ገዝቼ ነበር። እንዲህ ያለ ፔፕታይድ አንዳንድ ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፤ ባክቴሪያው ጋ የሚደርሰው ውኃው ብቻ ነው። ይህን እያወቅኩ፣ ቱቦ ያው ቱቦ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። በክብር መሸኘት ደግሞ ማን ይጠላል? አፍሬ ቆምኩ።

«ራሔል፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳትና ነገርኳት።

«ሦስቴም በአዲሱ ቱቦ?»

«ሦስቴም።»

ካርቶኑን ወደኔ ገፋችው። «እንግዲያው ይቺን እርስዎ ራስዎ ይፈቱልኛል።»

በድሮዎቹ ቱቦዎች ደገምነው። በማግስቱ ጉድጓዶቹ ጥርት ብለው አገኘናቸው። ራሔል ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም።

ዶክተር አልማዝ ሳህኑን አይተው ደብተሬን ጠየቁኝ። «ዕቃ» ከሚለው ሥር ሦስት ባዶ ቦታ ነበር።

«ሙላው» አሉኝ። ቆመው ጠበቁኝ፤ ሞላሁት።

ፔፕታይዷ መድኃኒት እስክትሆን ገና ብዙ ይቀራታል። ተተኪዎቼ፣ አልሠራም ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት በምን እንደያዛችሁት ጻፉ።