ለድንጋይ ሚስት ፍለጋ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ

አዲስ አበባ ገና ሳታዛጋ የሰበታን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ብርዱ ጢሜን ነቅሎ ሊወስደው ምንም አልቀረው። ሙሽራው ኪሴ ውስጥ ነው፤ እንቁላል የማያህል ጥቁር ድንጋይ። በአስተርጓሚነት ያገለገልኩት ፈረንጅ፣ የድንጋይ መርማሪ፣ አገሩ ሲገባ ሰጠኝ። ስሙ ትሪሎባይት ነው። ድንጋይ ሳይሆን በፊት በባሕር ወለል የሚድህ እንስሳ ነበር፤ ጀርባው በቁመቱ ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ ዓይኑ እንደ ዝንብ ዓይን ከብዙ ቅንጣት የተሠራ። ጠላት ሲመጣበት ይጠቀለላል። ይኸኛው እንደተጠቀለለ ቀርቷል። ያስፈራው ጠላት ካለቀ ስንት ሚሊዮን ዓመቱ፣ እሱ ግን አልተፈታም።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሱሉልታ ያለችው ታላቅ እህቴ አስካለ "አግባ" እያለች ልቤን ታወልቀዋለች። ያሰበችልኝ ሴት፣ እሷም ባሏ የሞተባት፣ በዚህ ሳምንት ቁርጡ ካልተነገራት ወንድሟ ዘንድ ፍቼ ልትገባ ነው። እኔ ደግሞ "ለድንጋዬ አቻ ካገኘሁ አገባለሁ" ብዬ ምያለሁ። ስምል የሚያምነኝ ሰው ባይኖርም መሐላዬን ላክብር ተነሳሁ። ቤት ብቀመጥስ ማን ያናግረኛል?

ሰበታ፣ ረፋድ

ገበያው ጎመን፣ ቃሪያ፣ የበግ ጩኸት። ድንጋይ የሚጠርቡትን ግንበኞች እንዲህ ያለ የባሕር ድንጋይ አይተው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንደኛው ድንጋዩን አገላብጦ አየና፣ "ጋሼ፣ ለድንጋይ ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ አየሁ" ብሎ መለሰልኝ። ምሳ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ።

"ለስንት ሰው?" አለች አስተናጋጇ።

"ለሁለት።"

ድንጋዩን ከፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። ሽሮው ለአንድ ሻለቃ ጦር ይበቃ ነበር፤ ብቻዬን በላሁት።

ቅዳሜ፣ ቡራዩ

የአምቦ መንገድ አቧራ ቅንድቤን አሸበተው። መንገድ ዳር ኦቦ ቱሉ የሚባሉ አዛውንት ድንጋይ ይፈልጣሉ።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ!" ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

"ነጋ፣ ሰላም ነው። ምን ጠፋብህ?"

"ሚስት። ለዚህ።"

ድንጋዩን በመዳፋቸው መዘኑት። "ሰባት ቤት ቆጥረሃል? ዘመዱን አግብቶ ጉድ እንዳይሆን።"

"ዘመዶቹ ሁሉ ባሕር ውስጥ አልቀዋል፣ አባቴ።"

"እንግዲያው አሳዛኝ ነው" አሉና መልሰው ሰጡኝ። ፈረንጁም የዚህ አገር ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው ብሎኝ ነበር። እሳት ውስጥ ዋናተኛ አይፈለግም። ቢሆንም እስኪመሽ ከአጠገባቸው ተቀምጬ የመዶሻቸውን ድምፅ ስሰማ ዋልኩ።

እሁድ፣ ሱሉልታ

አውቶቡሱ እንጦጦን ሲወጣ ከበሬ ይዘገያል። አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በር ላይ ቆማለች። ገና ሳልቀመጥ ነጣ ያለ ድንጋይ እጄ ላይ አኖረች፤ መካከሉ ላይ የተጠመዘዘ ቅርፊት ተጣብቆበታል።

"ኖራ ድንጋይ የሚያመጡት ሰዎች ከሙገር ቁልቁለት አገኙት። የባሕር ነው አሉ። አቻው ተገኘ።"

አዎ አቻው ናት ብዬ ብዋሽ የሚያጋልጠኝ ፈረንጅ እዚህ የለም። እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ግን፣ ቀበሮን ዝሆን አድርጌ የማወራ ሰው፣ እውነት መናገር አማረኝ።

"እትዬ፣ ይቺ የቀንድ አውጣ ወገን ናት። የሱ ዘር ከምድር ጠፍቶ፣ ሌላ ባሕር መጥቶ ነው እሷ የተወለደችው። ከመቶ ሺህ ቤት በላይ ይራራቃሉ።"

"ከሰባት ቤት ካለፉማ የሚከለክላቸው የለም" አለች።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ይሄ ድንጋይህ ሲፈራ ነበር የሚጠቀለለው?"

"አዎ።"

"አንተም እንደሱ ነህ። ሰው በቀረበህ ቁጥር ቀልድህ ውስጥ ትጠቀለላለህ። ድንጋዩን ተወውና፣ ለራስህ ሰው ትፈልጋለህ ወይ?"

ለማንኛውም ጥያቄ ሦስት ቀልድ አላጣም። ለዚህኛው ግን ወደ በሩ ዞርኩ። "አውቶቡሱ ያመልጠኛል" ብዬ ወጣሁ።

እሁድ፣ ምሽት

ከተማው መብራት አብርቷል። በየመስኮቱ ሰው እራት ይበላል። ቤቴን ከፍቼ ገባሁ፤ ጠዋት የተውኩት ብርጭቆ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። መሐል ቤት ቆሜ፣

"እፈልጋለሁ" አልኩ።

የሚያስቅ ነገር ልጨምርበት አፌን ከፈትኩ። የሚስቅልኝ ስላልነበረ ዘጋሁት። ካፖርቴን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሱሉልታ የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚነሳው ሲነጋ ነው።