የእሜቴ ጉድጓድ

ሀይሌ ዳልጮ ረሃብ አይፈራም፣ ሥራ አይፈራም፤ የሚፈራው መሳቂያ መሆንን ነበር። ከዶርዜ ወርዶ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ጎጆ የቀለሰ፣ እጁ የተመሰከረለት ሸማኔ ነው። የእሱን ጋቢ ደርበው ሠርግ የሚሄዱ ሰዎች ግን ሸማኔ የሚባል ስም ሲነሣ አፍንጫቸውን ይነፋሉ። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ስላየ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ከሳቀ የተሳቀው በእሱ ይመስለዋል።

ሚስቱ አገርነሽ ደግሞ ለሰው አፍ ደንታ የላትም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው የሙዝ እርሻ በቀን ሥራ ስትውል፣ አንድ ቀን ልጆች በድንጋይ የሚወግሯትን እስስት አስጥላ በነጠላዋ ጫፍ አቅፋ ይዛት መጣች። ሀይሌ ይህን ጉድ ከቤቴ አውጪልኝ አለ። እሷ ግን አላወጣችም። በዚያ ሰሞን አንድ ልጃቸው ማርቆስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ቤቱ ጭር ብሎ ነበርና፣ ሀይሌም ነገሩን አላከረረውም። አገርነሽ እስስቲቱን የሽመናው ዕቃ ቋሚ ላይ አወጣቻትና «እሜቴ» የሚል ስም ሰጠቻት። ጌታና እሜቴ በቀረበት፣ ሁሉም ጓድ በተባለበት ዘመን ምን የሚሉት ስም ነው ቢላት፣ አረማመዷን አታይም ወይ ብላ ሳቀችበት።

እሜቴም ሥራ ፈት አልነበረችም። ነጭ ድር ላይ ዝንብ ካረፈ ምን ጥሎ እንደሚሄድ ሸማኔ ሁሉ ያውቃል። እሷ ቋሚው ላይ ከሰፈረች ወዲህ የሀይሌ ድር ነቁጥ አልታየበትም። ለሰው አይናገር እንጂ መወርወሪያውን ሲወረውር ዐይኑን ቀና አድርጎ ይፈልጋት ነበር።

በበልጉ ሆዷ ተነፋ። መብል ተወች፣ ከቋሚው ወርዳ ወለሉን ማሰስ ጀመረች። አገርነሽ የታመመች መስሏት መልሳ ስትሰቅላት እንደገና ትወርዳለች። በመጨረሻ ሀይሌ እግሩን የሚሰድበት የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ገብታ፣ እርጥበት ባለው ጥግ አፈሩን በፊት እግሮቿ መጫር ያዘች። ሰው ካያት ታቆማለች፣ ዘወር ካሉላት ትቀጥላለች። አገርነሽ ይህን ስታይ ባሏን ከሥራው አስነሥታ ጉድጓዱን በቡልኮ ሸፈነችው። ሸማኔው እጁን አጣጥፎ ደጅ ዋለ።

እሜቴ እንቁላሏን ጥላ፣ ጉድጓዷን ደፍና፣ ጭቃ ለብሳና ከስታ ወጣች። አገርነሽ ቅጠል ላይ ውሃ እየረጨች አጠጣቻት፤ ለዶሮ እንደሚደረገው የእንቁላል ቅርፊት ወቅጣ በፌንጣ ላይ እየነሰነሰች አበላቻት፤ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ያለው የዘይቱን ዛፍ ላይ አውጥታ ፀሐይ አሞቀቻት። እንቁላሉ ግን ወንድ ያላየ ነበርና አልተፈለፈለም።

ጎረቤት ሀይሌ ምነው ሥራ ፈታ ብሎ ሲጠይቅ አገርነሽ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ተናግራ ነበር። በሳምንቱ የሸማኔዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ገነነ «የእስስት አዋላጅ መጣ» አለ፤ አዳራሹ ሳቀ። ሀይሌም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን እራት አልበላም። ስሙ ተለጥፎበት ቀረ።

ክረምቱ ሲገባደድ እሜቴ ሆዷ እንደገና ገፋ። በዚህኛው ጊዜ አገርነሽ ወንድ እስስት ዘይቱኑ ላይ ሲጠጋት አይታለችና ደስታዋ ልክ አልነበረውም። የሚፈለፈሉትን ከአሁኑ ታስባቸው ነበር። ነገር ግን እናቷ ታመሙ ተብላ ዶርዜ መውጣት ግድ ሆነባት። ስትሄድ ለባሏ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«የማርቆስ አባት፣ መሬት ስትወርድ ተዋት። ያቺን ጥግ ክፍት አድርግላት፣ ሌላ ምንም አልልህም።»

ሀይሌም እሺ አለ፤ እሺ ሲልም ከልቡ ነበር።

ይሁንና አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር የደረሰበት ወቅት ነው። ከተማው ኖራ ይቀባል፣ ድንጋዩ ሳይቀር ይታጠባል። ገነነ መጥቶ ሀይሌ ምስጉን ሸማኔ ሆኖ መመረጡን፣ የበዓሉ እንግዶች ቤቱ ድረስ መጥተው ሲሠራ እንደሚያዩት፣ ፎቶግራፍም እንደሚነሣ አበሠረው። እንግዶቹ አቧራ እንዳይረግጡ ማኅበሩ ሲሚንቶ ላከ። ዕድሜ ልኩን አፈር ላይ ተቀምጦ ለሠራ ሰው የሊሾ ወለል ትልቅ ነገር ነው። ሀይሌ ወለሉን ለሰነ፤ ከዚያም የጉድጓዱን ከንፈርና ግድግዳ ለሰነ። ጥጉ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ያቺን ጥግ ባዶ ቢተዋት ገነነ ምንድን ናት ብሎ ይጠይቃል፤ ከተጠየቀ ደግሞ መልሱ ምን ሊሆን ነው? እንግዶቹ ሲሄዱ አፈርሰዋለሁ ብሎ ደፈናት።

እሜቴ በማግሥቱ ወረደች። ጥጉን ጫረችው፣ አልቆፈር አላት። ሀይሌ አንሥቶ ቋሚው ላይ መለሳት፤ ወረደች፤ መለሳት። ቆዳዋ እየጠቆረ ሄደ። አካፋ ይዞ ጓሮውን ቆፍሮ እዚያ ቢያኖራት ነገሩ ባለቀ ነበር፤ አስቦታልም። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደገና ልታዋልድ ነው ወይ ሲለው ታየውና ተወው። እንግዶቹ እስኪሄዱ ትቻል ብሎ ለራሱ ነገረው።

እንግዶቹ መጡ። ሀይሌ አዲስ ጋቢ ለብሶ እግሩን በተለሰነው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ይሸምናል፣ ገነነ ከጎን ቆሞ ያብራራል። ይህን ጊዜ እሜቴ ከቋሚው ወርዳ በእንግዶቹ ጫማ መካከል ሲሚንቶውን መጫር ጀመረች። አንደኛው እንግዳ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ጓድ ሀይሌ፣ ይቺ የእናንተ ናት?»

ሀይሌ ቀና ሲል የገነነ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ፤ ፊቱ በእሳት እንደተለበለበ ሆነ።

«የእኔ አይደለችም፤ ከአጥር የገባች ናት» አለ። ተነሥቶም መጥረጊያ አንሥቶ ከነሆዷ ጠርጎ ደጅ ጣላት።

እንግዳው ወደ ደጅ እያየ ምነው ብትተዋት አለው፤ በልጅነቱ ቤታቸው አንዲት እንደነበረች፣ እናቱ ለዝንቡ ብለው ያኖሯት እንደነበር ተናገረ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ገነነም ከንፈሩን ያንቀሳቀሰው ስለ ድሩ ሊያብራራ ኖሯል። ፎቶግራፉ ተነሣ፣ ተጨበጨበለት፣ ሄዱ።

ሀይሌ ጋቢውን ጥሎ ሮጠ። ሰው የደለደለው፣ ፀሐይ ያደረቀው የደጅ መንገድ ላይ አገኛት፤ አሁንም እየጫረች ነበር። ሳፋ ሙሉ አሸዋ አመጣ፣ አራሰው፣ እሷን አኖረና በቡልኮ ሸፈናት፤ ዘወርም አለላት። ሲመለስ አሸዋው እንደነበረ ነው። ዐይኖቿ ሰርጉደዋል፤ ጥፍሮቿን ሲሚንቶ በልቷቸዋል። አልቆየችም፤ እንቁላሎቿን ሆዷ ውስጥ እንደያዘች ሞተች። ሆዷን በጣቱ ሲነካ እንደ ባቄላ ተደርድረው ተሰሙት። ዘይቱኑ ሥር ቀበራትና ቤት ገብቶ ጥጉን አየው። ልስኑ ላይ ነጫጭ ጭረቶች ነበሩ።

አገርነሽ እናቷ ተሽሏቸው በሳምንቱ ተመለሰች። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ እሜቴን ጠየቀች። ሀይሌ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሌላ ነው። እንቁላሏን ጥላ ሄደች አለ። የት ጣለችው ስትለው ደግሞ በጣቱ የዘይቱኑን ሥር አሳየ። ጥጉ ስለተለሰነ ደጅ ወጣች ብሎ ውሸቱን አሰማመረው። አገርነሽ ሊሾውን አየት አድርጋ ጥቂት ቅር አላት፤ ሆኖም ከቤቱ ይልቅ ደጅ መጣሏ ለሕፃናቱ ይሻላል ብላ ራሷ ይቅር አለችው።

ከዚያ ወዲያ ከሙዝ እርሻው ስትመለስ እግሯን እንኳ ሳትታጠብ፣ አፈሩ እንዳይደርቅ ዘይቱኑ ሥር ውሃ ታርከፈክፋለች። ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ አጠረችበት። የሚፈለፈሉት ስንት እንደሚሆኑ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ለጎረቤት ትናገራለች። ማርቆስ ሲመጣ አሳየዋለሁ ትላለች። ሀይሌ በሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሸምናል፤ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው እሷን ነው። ሰው ሳይስቅበት እንዲህ ማፈር እንዳለ እስከዚያ ድረስ አያውቅም ነበር። ድሩ ላይ ዝንብ ያርፋል፤ እሽ አይለውም።

አንድ ማታ መዶሻ አንሥቶ የጉድጓዱን ጥግ መፍለጥ ጀመረ። አገርነሽ ጣሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች፤ ምነው ያማረ ቤትህን ታፈርሳለህ አለችው። ሀይሌ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያት አልቻለም።

«የምታጠጪው እሷን ነው» አላት። «ጥጉን ደፈንኩባት። ሰው ፊት የእኔ አይደለችም አልኩ።»

ከአገርነሽ ጣሳ ውሃ ሊሾው ላይ ተንጠባጠበ። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም።

«እሾህ ሳጥርላትም፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚህ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር?»

እሷም ጣሳውን ከጎኑ አስቀምጣ ወጣች፤ እሾሁን ስትነቅል በበሩ በኩል ትታየው ነበር።