ዓለም ገና በር የከፈተችው

እርጥብ ድንጋይ ሲሸተኝ ዛሬም እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይሄዳል። ወሬው የደረሰኝ እንደዚያ ባለ ሽታ መሃል ነበር።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ከሰበታ ወጥቼ ባሕር ማዶ አንዲት አሮጊት አስታምም ነበር። ሴትዮዋ በመርከብ አገር ማየት ስለሚወዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የዚያን ዕለት መርከባችን ቅኝ ገዢዎች የቆረቆሯት አሮጌ ከተማ ወደብ ላይ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። አስጎብኚው ቢጫ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ይመራል፤ እኔ አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ እከተላለሁ። አንድ ሻይ ቤት አጠገብ ስንደርስ ስልኬ ኢንተርኔት አገኘና ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

መልእክቱ የወንድሜ ነው። የገበሬውን መሬት ወደ ከተማ ይጠቀልላል በተባለው ማስተር ፕላን ሰበብ ሰልፍ ተነስቶ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ተኩስም አለ። እማዬ በማለዳ ለቅሶ ልትደርስ ዓለም ገና እንደሄደች አልተመለሰችም። ስልክም አልያዘችም።

ምን ይደረጋል? ወንበሩን መግፋት ነው። አስጎብኚው ስለ ገዢው ቤት በረንዳ ይተርካል፤ እኔ በሐሳቤ ከሰበታ ዓለም ገና በሚወስደው ጅማ መንገድ ላይ ነኝ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ። የኛ ሥርዓት ያለበት አይደለም፤ ግን እግሬ እሺ አላለኝም።

«አንቺ ልጅ፣ ብርድ ከመታሽ ማን ሊያስታምመኝ ነው?» አሉ አሮጊቷ።

ፈገግ አልኩላቸው። ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ቆሜ እመቤታችንን በልቤ ለመንኳት።

ስንመለስ እዚያው ሻይ ቤት በር ላይ ስልኬ ጠራ። በወንድሜ ስልክ የደወለችው እማዬ ራሷ ነበረች። በተኩሱ ተደናግጣ ስትሮጥ፣ አንዲት ወጣት ሴት እጇን ይዛ ቤቷ አስገብታታለች። የታጠቁ ሰዎች መጥተው ይቺ ማናት ሲሏት፣ በኦሮምኛ «ሃዳ ኮቲ»፣ እናቴ ናት አለቻቸው። ግርግሩ ሲበርድም ጓሮ ለጓሮ ሸኘቻት።

«ሳላምጥ ልጅ አገኘሁ» አለችኝ እማዬ፣ እየሳቀች። በድንጋጤ ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም።

በኋላ ጋቢ ይዛላት ብትሄድ ቤቱ ፈርሶ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። የት እንደገባች የሚነግራት አላገኘችም። እማዬ እስክታርፍ ድረስ በጸሎቷ «ያቺን ልጄን» ትል ነበር። አሁን ጸሎቱ ለእኔ ቀርቷል።

ያን ቀን ዓለም ገና የነበራችሁ፣ የምታውቋት ካላችሁ እባካችሁ የክርስትና ስሟን ንገሩኝ። እምነቷ ሌላ ከሆነም እናቷ ያወጣችላት ስም ይበቃኛል። በአደባባይ መናገር ከከበዳችሁ ለእኔ ብቻ ይሁን። እህቴን በስሟ ልጥራት።