አባቴ ያደለው ችግኝ

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ከመካኒሳ አቦ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ሙጥኝ አለ። ወላይታ ሳለ የለመደውን እርሻ እዚያ ጀመረው። በየዓመቱ መጀመሪያ የደረሰውን ቲማቲም ለቤተ ክርስቲያን በኩራት አድርጎ ይወስዳል፤ ከችግኝ መደቡ የተረፈውን ደግሞ ለጎረቤት ይሰጣል። ችግኝ መሸጥ ለእሱ ነውር ነው።

ዘንድሮ ቲማቲሙ ቅጠሉ ቢጫ እንኳ ሳይሆን ቀትር ላይ ይጠወልግ ጀመር። አባቴ ውሃ ጨመረበት፤ ባሰ። ጸለየበት። በጸሎቱ አልገባሁም፤ ውሃውን ግን ተው አልኩት። የምሠራው አፈር በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው፤ እሱ ግን ዛሬም የሚያየኝ አፍንጫዋን እንደሚጠርግላት ልጅ ነው። ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ስለዚህ አንዱን ግንድ ቆርጬ ውሃ በሞላው ብርጭቆ ውስጥ ይዤ አሳየሁት። ከተቆረጠው በኩል ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል ወረደ። ባክቴሪያ ነው አልኩት። ሥር ያልበዋል፤ ላቡ ስኳር አለበት፤ አፈር ውስጥ ያለውን ደጉንም ክፉውንም ተህዋሲ ይጠራል፣ ይቀልባል። ተመሳሳይ ላብ ሲደጋገም ግን ክፉው ይፋፋና ደጉን ቦታ ያሳጣዋል።

"እኔ እኮ አንድ ነገር ደጋግሜ ተክዬ አላውቅም" አለኝ ተናዶ።

እውነቱን ነው። ድንች፣ ቀጥሎ ቲማቲም፣ ቀጥሎ ቃሪያ እያፈራረቀ ይተክል ነበር፤ በዚህም ይኮራ ነበር። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ያ በሽታ ሦስቱንም ይበላል። ይህንኑ ነገርኩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ችግኝም ይታመማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው አፈር ላይ ከበቀለ፣ ምልክት ሳያሳይ ሊታመም ይችላል አልኩት።

ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ አጠገቡ ወዳለው ማሳ ሄደ፤ ተከተልኩት። ባለማሳው ከስልጤ የመጣ፣ ልጆቹን በዚያች መሬት የሚያሳድግ ጎልማሳ ነው። አባቴ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

"የሰጠሁህ ችግኝ በሽታ ይዟል። ንቀለውና አቃጥለው።"

ሰውየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ የተረፈኝን እኮ እስከ ድልድዩ ላሉት ሁሉ አድያለሁ" አለ። "እርስዎን እየመረቁ ነው የወሰዱት።"

አባቴ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል አየ። እስከ ድልድዩ ያለው ቲማቲም ሁሉ ገና ደህና ይመስል ነበር።